ዝም ብሎ የሚቆርጥ ዚፕ

ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የተማረ ሰው ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዚፕ ጋር ይተዋወቃል። ሁለት ሊስቶች ትሰጡታላችሁ፤ እሱ የአንዱን የመጀመሪያ ከሌላው የመጀመሪያ፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው እያጣመረ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይመልስላችኋል። እያንዳንዱ ጥንድ ተፕል ይባላል። ተፕል ከሊስት የሚለየው አንዴ ከተሠራ በኋላ የማይጨመርበት፣ የማይቀነስበት፣ ቦታ የማይቀያየርበት በመሆኑ ነው። የፋንክሽኑ ስም የጃኬት ዚፕን ያስታውሳል፦ የግራና የቀኝ ጥርሶች አንድ ለአንድ እየተያያዙ ሲዘጉ ማለት ነው። በአንድ መስመር ኮድ ሥራው ያልቃል። ያምራል። አስተማሪዎች ይወዱታል፣ ተማሪዎችም ይወዱታል፣ እኔም በቀን ስንት ጊዜ እንደምጽፈው አልቆጥረውም።

ይህ ጽሑፍ ግን ሙገሳ አይደለም። ዚፕ ምንም ተጨማሪ ትእዛዝ ሳይሰጠው የሚያደርገው ነገር ለዳታ ሥራ ትክክል አይደለም፤ እኛም ስናስተምረው ይህን ባሕርይውን ሸፍነን ነው የምናስተምረው። ምሳሌዎቼን ከጂንካና ከደቡብ ኦሞ የማመጣው የምሠራው በዝናብና በወንዝ ፍሰት ቁጥሮች ስለሆነና ዚፕ ሊወድቅባቸው የሚችሉ ጉድጓዶች በሙሉ እዚያ ስለሚገኙ ነው። ትእዛዙ በኮምፒውተር ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ እዚህ በእኛው ፊደል አስቀምጠዋለሁ። የተለዋዋጮቹን ስም ግን በእውነትም በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ፤ ከሦስተኛው ትውልድ ጀምሮ ፓይተን የግዕዝ ፊደልን ይቀበላል። (ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ሞክሩት።)

ከገበያ እንጀምር። ቱርሚ ሰኞ ይገበያል፣ ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ጂንካ ቅዳሜ።

ከተሞች = ["ቱርሚ", "ቀይ አፈር", "ጂንካ"]
ቀናት = ["ሰኞ", "ሐሙስ", "ቅዳሜ"]

ዚፕ(ከተሞች, ቀናት) ብንል ሦስት ተፕሎች እናገኛለን፦ ("ቱርሚ", "ሰኞ")፣ ("ቀይ አፈር", "ሐሙስ")፣ ("ጂንካ", "ቅዳሜ")። ትክክል ነው። መማሪያ መጻሕፍት እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ምሳሌያቸው ሁልጊዜ ሦስት ስምና ሦስት ዕድሜ ነው፣ ሁልጊዜም እኩል ነው።

አሁን ዲመካን እንጨምር። ዲመካ በሳምንት ሁለት ቀን ትገበያለች፣ ማክሰኞና ቅዳሜ። ከተሞቹን የሚመዘግበው ሰው ዲመካን ከቱርሚ ቀጥሎ አንድ ጊዜ ይጽፋታል። ቀናቱን የሚመዘግበው ሌላ ሰው ሁለቱንም ቀኖቿን ይጽፋል። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል።

ከተሞች = ["ቱርሚ", "ዲመካ", "ቀይ አፈር", "ጂንካ"]
ቀናት = ["ሰኞ", "ማክሰኞ", "ቅዳሜ", "ሐሙስ", "ቅዳሜ"]

ዚፕ የሚመልሰው ይህን ነው፦ ("ቱርሚ", "ሰኞ")፣ ("ዲመካ", "ማክሰኞ")፣ ("ቀይ አፈር", "ቅዳሜ")፣ ("ጂንካ", "ሐሙስ")። አራት ከተማ፣ አራት ቀን። የጂንካ ቅዳሜ የለችም፤ መጨረሻ ላይ ስለነበረች ተቆርጣ ወደቀች። የቀይ አፈርና የጂንካ ቀኖች ተዛብተዋል። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ በስክሪኑ ላይ አንዲት ቀይ መስመር እንኳ አልወጣችም። ውጤቱ ደግሞ ትክክል ይመስላል፤ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። አካባቢውን የማያውቅ ሰው ይህን ሠንጠረዥ አይቶ የሚጠረጥረው አንድም ነገር የለውም። በዚህ ሠንጠረዥ ተመርቶ ቅዳሜ ቀይ አፈር የሚወርድ ማር ነጋዴ ግን ገበያ አያገኝም።

እውነተኛው የጃኬት ዚፕ እንዲህ አያደርግም። በአንድ ወገን ጥርስ ሲጎድል ይጣመማል፣ ይነክሳል፣ አልዘጋም ይላል፤ ልብስ ሰፊ ዘንድ መሄድ ይመጣል። የፓይተኑ ዚፕ ትርፉን ጥርስ ነቅሎ ይጥልና «ዘግቻለሁ» ይላል።

ለምን እንዲህ ተደርጎ ተሠራ? ታሪኩ የተጻፈ ስለሆነ መከታተል ይቻላል። ፓይተን ላይ ለውጥ የሚመጣው ቁጥር በተሰጣቸው የማሻሻያ ሐሳቦች ነው። ዚፕን ያመጣው ቁጥር 201 ሲሆን ያቀረበው ባሪ ዋርሶ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 2000 ሐምሌ። በዚያው ዓመት ጥቅምት በወጣው ፓይተን 2.0 ውስጥ ገባ። ስሙ ብዙ አከራክሯል፤ ከ20 በላይ አማራጮች ቀርበው ነበር። የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም ሃስከል በተባለው ቋንቋ ውስጥ ያለውን ስም መረጠ፣ በቃ «ዚፕ» ሆነ። አጭሩ ሊስት ሲያልቅ ባዶውን በአንድ ነገር ይሙላ የሚል አማራጭም ቀርቦ ነበር። እሱ ተጣለ።

ከሃስከል የመጣው ስሙ ብቻ አይደለም፣ ባሕርይውም ነው። ሃስከል ውስጥ መጨረሻ የሌለው ሊስት የተለመደ ነገር ነው፦ 1፣ 2፣ 3 እያለ ለዘላለም የሚሄድ። ያንን ከአሥር ስሞች ጋር ዚፕ ስታደርጉ ስሞቹ ሲያልቁ መቆም የግድ ነው፤ አለበለዚያ ኮምፒውተራችሁ እስከ ምጽአት ሲቆጥር ይኖራል። ለዚያ አገልግሎት አጭሩ ላይ መቆም ብልህ ንድፍ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን አስቡት፣ ፓይተን ላይ ማለቂያ ከሌለው ቁጥር ጋር ማጣመር በብዛት የሚፈለገው ስሞችን ተራ ቁጥር ለመስጠት ነው። ለዚያ ደግሞ ኢንዩመሬት የተባለ ራሱን የቻለ ፋንክሽን እ.ኤ.አ. በ2003 በ2.3 ተሰጠ። ለመቁረጥ የቀረበው ጠንካራ ምክንያት ከዚያ በኋላ በጣም ሳስቷል። ልማዱ ግን ቀረ።

ከዚፕ በፊት የነበረው መንገድ ማፕ በተባለው ፋንክሽን ማጣመር ነበር፤ እሱ ባዶውን ቦታ «ምንም» በሚል ምልክት ይሞላው ነበር። አስቀያሚ ነበር። ቢያንስ ግን ጉድለቱ ይታይ ነበር፤ ሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ ያለ ከተማ የተንጠለጠለች «ቅዳሜ» ብታዩ አንድ ነገር እንደተበላሸ ትጠረጥራላችሁ።

ችግሩ የጀማሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የፓይተን ሠሪዎች ራሳቸው በሚጠብቁት መደበኛ ላይብረሪ ውስጥ፣ ቁልፎችንና ዋጋዎችን በሁለት የተለያዩ ሊስቶች ይዞ በዚፕ የሚያገናኝ ኮድ ነበር። ቁልፍ አንድ፣ ዋጋ ዜሮ ሆኖ የተበላሸ ነገር ሲሰጠው መጮህ ሲገባው ቁልፉን ውጦ ባዶ መዝገብ ይመልስ ነበር። ይህን እንደ ማስረጃ የጠቀሰው ማሻሻያ ቁጥር 618 ነው፤ ብራንት ቡቸር እ.ኤ.አ. በ2020 አቀረበው፣ በ2021 ጥቅምት በወጣው ፓይተን 3.10 ውስጥ ገባ። ያመጣው «ስትሪክት» የሚል ማብሪያ ነው። ዚፕ(ከተሞች, ቀናት, ስትሪክት=እውነት) ብትሉ ከላይ ያለው የገበያ ሠንጠረዥ አይወጣም፤ ርዝመታቸው አይገጥምም ብሎ ኤረር ይሰጣችኋል። ጎሽ!

ግን ማብሪያው ሲመጣ ጠፍቶ ነው። ካልነካችሁት ዚፕ እንደ ድሮው ይቆርጣል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ባሕርይው ቢቀየር በመቁረጡ ላይ ተመክቶ ለ20 ዓመት የተጻፈ ኮድ በአንድ ቀን ይሰበራል። የቋንቋው ሠሪዎች የድሮ ተጠቃሚ አለባቸው፣ እሺ። የመማሪያ ማስታወሻ የሚያዘጋጅ መምህር ግን የድሮ ኮድ የለበትም። ዛሬ ለአዲስ ተማሪ ዚፕን ያለ ስትሪክት ማስተማር መኪና መንዳትን ያለ ፍሬን እንደማስተማር ነው የማየው። ይህ ትንሽ ከበድ ያለ አባባል መሆኑን አውቃለሁ።

እዚህ ጋ ስትሪክት ሁሉን ያድናል ብላችሁ እንዳትረኩ። ወደ ሦስቱ ከተሞች እንመለስ። አንድ ሰው ሠንጠረዡ እንዲያምር የከተሞቹን ስም በፊደል ተራ ደረደረ፤ «ቀ» ከ«ተ» ይቀድማልና ቀይ አፈር፣ ቱርሚ፣ ጂንካ ሆነ። ቀናቱን አልነካም። ሦስት ከሦስት እኩል ነው፣ ስትሪክት ደስ ብሎት ያሳልፈዋል፣ ቀይ አፈርም ሰኞ ትገበያለች ማለት ነው። ርዝመት ማመሳከር ቀላሉ ፈተና ነው። ዚፕ ሁለት ነገሮችን የሚያገናኘው «ሁለቱም ሦስተኛ ናቸው» በሚል ብቻ ነው። ሦስተኛ መሆን ደግሞ የከተማዋ ባሕርይ አይደለም፤ የወረፋው ባሕርይ ነው። ወረፋ ላይ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ቦታ ይለዋወጣል።

ይህ በዝናብ ዳታ ላይ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይከፋል። የእኛ ወራት 13 ናቸው። ከሳተላይት የሚወጣው ወርሃዊ የዝናብ ዳታ በፈረንጅ ወር ነው፣ 12 ቁጥር። አንድ ተማሪ የወር ስሞችን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ደርድሮ ከ12ቱ ቁጥሮች ጋር ዚፕ ቢያደርግ ጳጉሜን ሳትሰናበት ትጠፋለች። እሷስ አምስት ቀን ናት፣ ቢበዛ ስድስት፤ ትቅር እንበል። ግን የቁጥሮቹ የመጀመሪያ የፈረንጆች ጥር ነው። ስለዚህ መስከረም የጥርን ቁጥር ይወስዳል፣ የሚያዝያው ዝናብ ደግሞ አራተኛ ስለሆነ ከአራተኛው ወራችን፣ ከታኅሣሥ ጋር ይጣመራል። ደቡብ ኦሞ ዋናውን ዝናብ የሚያገኘው በበልጉ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ሠንጠረዥ ግን የዝናቡ ጫፍ ታኅሣሥ ላይ ይወድቃል። ጂንካ ገበያ ላይ ማንንም ገበሬ ብታሳዩት ይስቅባችኋል። አዲስ አበባ ሆኖ ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው ግን አይስቅም፤ ቁጥሩን ይወስዳል።

ከመስከረም ቢጀምርና በሴፕቴምበር ቢያስጀምረውስ? ያኔም ይንሻፈፋል፤ መስከረም ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10 ነው እንጂ ሴፕቴምበር አይደለም። የወር ድምርን ወደ ሌላ ወር በማጣመር መቀየር አይቻልም። ያለው መንገድ ወደ ዕለታዊው ቁጥር ወርዶ እያንዳንዱን ቀን ወደ እኛ ቀን መቁጠሪያ መልሶ እንደገና መደመር ነው። ረጅም ነው፣ አሰልቺ ነው።

ዕለታዊው ቁጥርም የራሱ ጣጣ አለው። ዝናብ መለኪያ የሚያነበው ሰው ይታመማል፣ ለቅሶ ይሄዳል፤ ያልተነበበ ቀን ይኖራል። ወረቀቱ ላይ ባዶ ሆኖ የቆየው ቦታ ወደ ኤክሴል ሲገባም ባዶ ነው። ከዚያ አንድ «ጽዱ ዳታ» ወዳድ ባዶዎቹን ያጠፋል። ወሩ 30 ቀን ነው፣ ቁጥሩ 29 ሆነ፤ ዚፕ ሲደረግ ከባዶው ቀን በኋላ ያለው እያንዳንዱ ዝናብ አንድ ቀን ቀድሞ ይመዘገባል፣ የወሩ የመጨረሻ ቀን ደግሞ ይቆረጣል። የአንድ ቀን ስህተት ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። የጂንካን ዝናብ ከነሪ ወንዝ ሙላት ጋር እያስተያያችሁ ዝናቡ ከጣለ ከስንት ሰዓት በኋላ ውሃው ይመጣል ብላችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ አንድ ቀን ማለት መልሱ ራሱ ነው።

«እሺ፣ በቦታ ከማጣመር በስም አጣምር» ይላል ብልህ አንባቢ። ልክ ነው። መዝገብ (ዲክሽነሪ) ተጠቅማችሁ «ሐመር» ብላችሁ ስትጠይቁ የሐመር ቁጥር ይመጣል፤ ተራው ቢዛባ ግድ የለውም። ፓንዳስ የተባለው የዳታ ላይብረሪም ሁለት ተከታታይ ቁጥሮችን ሲያገናኝ በመለያቸው ነው የሚያመሳክረው። ሰው ለምን ታዲያ ወደ ዚፕ ይሮጣል? ምክንያቱም ስም አስቸጋሪ ነው፣ በተለይ በእኛ ፊደል። «ሐመር» እና «ሀመር» ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ዳሰነች፣ ዳሰናች፣ ዳሳነች፤ ኛንጋቶም፣ ንያንጋቶም፤ ባና፣ በና። አንዱ ፋይል በአንዱ ይጽፋል፣ ሌላው በሌላው። መዝገቡ «ይህን ቁልፍ አላውቀውም» ብሎ ኤረር ሲሰጥ የተሰላቸ ሰው ስሞቹን ትቶ በተራ ያጣምራል። ኤረሩ ጠፋ፣ ችግሩ ተፈታ፣ ወደ ቤት።

እኔ ግን ያ ኤረር ነው ዋጋ ያለው እላለሁ። መዝገቡ የጮኸው የማያውቀው ነገር ስለገጠመው ነው። ወረዳዎቹ ራሳቸው ይለዋወጣሉኮ። ኩራዝ ይባል የነበረው ወረዳ ዳሰነችና ኛንጋቶም ሆነ። ሐመር ባና ለሁለት ተከፍሎ ሐመርና በና ፀማይ ሆነ። ከባኮ ጋዘር ደቡብ አሪ፣ ሰሜን አሪና ማሌ ወጡ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲደረግ ደቡብ ኦሞ ስምንት ወረዳዎችና የጂንካ ከተማ አስተዳደር ነበረው፣ ሕዝቡም ወደ 573 ሺህ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ዞኑ በአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ሆነ፤ አሪም ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል፣ ጂንካም በዚያ ውስጥ ነች። የ1999ኙን የሕዝብ ቁጥር ሊስት ከዛሬው የወረዳ ሊስት ጋር በተራ ማጣመር የአንዱን ሰው ክትባትና የእርዳታ ስንዴ በሌላው ስም መጻፍ ነው። ለእያንዳንዱ ወረዳ የማይለወጥ ኮድ ሰጥቶ በእሱ ማጣመር ይሻላል፤ ኮዱ ያልተገኘለት ደግሞ ይጩህ።

ይህን ሁሉ ሳስብ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ከኮምፒውተር ጋር ምንም የማይገናኝ አንድ ጥናት ነው። ሙርሲዎች (ራሳቸውን ሙን ይላሉ) በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል፣ በሰላማጎ ወረዳ ይኖራሉ። አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ተርተን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከእነሱ ጋር ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 ከክላይቭ ረግልስ ጋር ሆኖ ከረንት አንትሮፖሎጂ በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ሙርሲ የጊዜ አቆጣጠር ጽፏል፤ ርዕሱ በግርድፉ «ላለመስማማት መስማማት» ማለት ነው። ሙርሲዎች ወራትን በጨረቃ ይቆጥራሉ፣ ዓመቱን በርጉ ይሉታል፣ ወራቱም በቁጥር ይታወቃሉ። ችግሩ የሒሳብ ነው፤ አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር 354 ቀን ገደማ ነው፣ ዝናብና እርሻ ግን የሚከተሉት የፀሐይን 365 ቀን ነው። በዓመት 11 ቀን ልዩነት። የጨረቃ ወራትን ሊስት ከዓመቱ ክስተቶች ሊስት (ዝናብ፣ ሙላት፣ ዘር፣ አዝመራ) ጋር እንደ ዚፕ በተራ ብታጣምሩ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ወር ሙሉ ይንሸራተታል።

ብዙ ሕዝቦች ለዚህ ሕግ አበጅተዋል፤ የአይሁድ አቆጣጠር በተወሰኑ ዓመታት አንድ ሙሉ ወር ይጨምራል። ተርተንና ረግልስ ሙርሲዎች ዘንድ እንዲህ ያለ የተጻፈ ሕግ አላገኙም። ያገኙት ክርክር ነው። አሁን ስንተኛው ወር ነው ብትሉ አንዱ አምስተኛ ይላል፣ ሌላው ስድስተኛ። ሁለቱም ይቆያሉ፣ ማንም አይቸኩልም። ከዚያ የሚጠበቀው ክስተት ይመጣል፤ ያኔ ወደ ኋላ ተመልሰው የማን ቆጠራ ልክ እንደነበር ይስማማሉ፣ ቆጠራው ከዚያ ይቀጥላል። የሚንሸራተተው 11 ቀን በክርክሩ ውስጥ ይስተካከላል፣ ማንም ቁጭ ብሎ ሳያሰላው።

ሙርሲዎች ፕሮግራመሮች ነበሩ የሚል ቀልድ ውስጥ መግባት አልፈልግም። ግን የሚያደርጉትን ልብ በሉ። ወርን ከክስተት ጋር የሚያጣምሩት በተራ ቁጥር አይደለም። ቁልፉ ክስተቱ ነው፣ ተራ ቁጥሩ ግምት ነው፤ ሁለቱ ሲጋጩ የሚሸነፈው ተራ ቁጥሩ ነው። ዚፕ ውስጥ ተቃራኒው ነው፤ ተራ ቁጥሩ ሁልጊዜ ያሸንፋል፣ ግጭት መኖሩንም ማንም አይሰማም።

ከሚጠብቋቸው ምልክቶች አንዱ ኢማይ የሚሉት ኮከብ ነው፤ በደቡብ መስቀል ካሉት ከዋክብት አንዱ። ይህ ኮከብ በምሽት ሰማይ ላይ መታየቱን ሲያቆም ኦሞ ሞልቶ በዳርቻው ያለውን፣ ያንኑ ስም የያዘውን ሣር ያስተኛዋል ይባላል። ኮከብና ወንዝ፣ አንድ ተፕል። ሙላቱ ሲሸሽ የሚቀረው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘራል፤ ለሙርሲም፣ ለኛንጋቶምም፣ ለዳሰነችም ይህ የጎርፍ ሽሽት እርሻ የኑሮ ምሰሶ ነበር።

ጊቤ 3 ግድብ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። የኤሌክትሪክ ኃይሉ የሚያስፈልግ መሆኑን እዚህ ላይ አልከራከርም። ግን ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ ከዚያ በኋላ የሚሄደው እንደ ተርባይኑ ፍላጎት ነው፤ የክረምቱ ሙላት በቀድሞ መልኩ አልተመለሰም፣ የጎርፍ ሽሽት እርሻውም ክፉኛ ተጎዳ። ኮከቡ በጊዜው ይጠፋል። ጥንዱ ግን ፈርሷል። በታችኛው ኦሞ በቅርብ ዓመታት ውሃ ዳሰነች ውስጥ መሬት አጥለቅልቆ ሰው አፈናቅሏል፤ እሱ የድሮው ጥንድ መመለስ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው።

ይህ ወደ እኔ ጠረጴዛም ይመጣል። በላይኛው ተፋሰስ የጣለው ዝናብ አንድ ሊስት፣ በታች በኩል የተለካው ፍሰት ሌላ ሊስት። ቀኖቹ ልክ ናቸው፣ ርዝመታቸው እኩል ነው፣ ባዶዎቹ በአግባቡ ተይዘዋል፣ ስትሪክትም በርቷል። ከ2007 በፊት ያለውና ከዚያ በኋላ ያለው ግን አንድ ዓይነት ጥንድ አይደለም። ፊት ዝናቡ ወንዙን ይሞላ ነበር፤ አሁን ዝናቡ ሐይቁን ይሞላል፣ ወንዙን የሚለቀው የግድቡ መቆጣጠሪያ ክፍል ነው። ሁለቱን ዘመን በአንድ ረድፍ ዚፕ አድርጎ አንድ ሞዴል ማስተማር ለሁለቱም ዘመን የማይሆን ሞዴል ያወጣል። ይህን ለመያዝ የሚችል ማብሪያ በየትኛውም የፓይተን ስሪት የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ሠንጠረዡ ላይ «ከግድቡ በፊት ወይስ በኋላ» የሚል አንድ ተጨማሪ ዓምድ የሚጨምር ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ አካባቢው ላይ ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ፍትሐዊ ልሁን፤ ይኸኛው የዚፕ ጥፋት አይደለም። ዚፕን የምከሰው በቀደሙት ነው፤ በመቁረጡና በዝምታው። ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም፣ የጁሊያና የረስት ቋንቋዎች ዚፖችም አጭሩ ላይ ይቆማሉ። የተሻለ ስሜት ያለ ይመስላል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ፓይተን 3.14 ማፕም የራሱን ስትሪክት አግኝቷል፣ እሱም ጠፍቶ የሚመጣ ማብሪያ ነው።

ለሚያስተምሩ ሰዎች አንድ የማቀርበው ነገር አለኝ። የመጀመሪያው የዚፕ ምሳሌ እኩል ያልሆኑ ሊስቶች ይሁን፤ ተማሪው መጀመሪያ ሲቆርጥ ይየው፣ ከዚያ ስትሪክትን ያብራ። ቀጥሎ ደግሞ ሁለቱ ሊስቶች ከመጀመሪያው ለምን ተለያዩ ብሎ ይጠይቅ። ብዙውን ጊዜ መልሱ «አንዱ ፋይል ላይ ስም ብቻ፣ ሌላው ላይ ቁጥር ብቻ ስለጻፍን» ነው። ተፕሉ መወለድ ያለበት ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን መረጃ ሰብሳቢው ደብተር ላይ ነው፣ ስሙና ቀኑ በአንድ መስመር፣ በአንድ እጅ ሲጻፉ። የገበያው ሠንጠረዥ እንዲያ ቢሰበሰብ ኖሮ እንዲህ ይሆን ነበር፦

[("ቱርሚ", "ሰኞ"), ("ዲመካ", "ማክሰኞ"), ("ዲመካ", "ቅዳሜ"), ("ቀይ አፈር", "ሐሙስ"), ("ጂንካ", "ቅዳሜ")]

ዲመካ ሁለት ጊዜ ተጽፋለች። ምን ችግር አለው? ሁለት ጊዜ ነው የምትገበያው።